ከካሴት ለተገለበጡ ዘፈኖች ታግ አሞላል፦ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የባንዱ ስም አብሮ እንዲሄድ

ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ድምፁ ይሻገራል፤ ሽፋኑ ላይ የታተመው ጽሑፍ ግን እዚያው ይቀራል። ፋይሉ «ትራክ 01፣ ያልታወቀ አርቲስት» እንደተባለ ስልክ ላይ ይጫናል፣ በቴሌግራም ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ብዙም ሳይቆይ ግጥሙን ማን እንደጻፈው፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ የትኛው ባንድ እንዳጀበ የሚናገር ነገር አብሮት የለም። ዘፋኙ በድምፁ ስለሚለይ ስሙ ይተርፋል። የሌሎቹ ስም የሚተርፈው ፋይሉ ውስጥ ከተጻፈ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ ካሴቱና ሽፋኑ ገና እጁ ላይ ላለ ሰው ነው።

ነገሩ የትሕትና ጉዳይ ብቻም አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ስሙን ለመጻፍ የሚያስፈልገው በአንድ ዘፈን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ታጉ የት ነው ያለው? አማርኛውስ ለምን ይበላሻል?

ታግ ማለት ድምፁ በተቀመጠበት በዚያው ፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ነው፦ ርእስ፣ ዘፋኝ፣ አልበም፣ ዓመት፣ ሌላም። እሱን መቀየር የድምፁን ጥራት አይነካም። በኤምፒ3 ፋይል ውስጥ ሁለት ዓይነት ታግ ሊኖር ይችላል፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ልዩነታቸውን ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው በ1996 እ.ኤ.አ. የመጣው አይዲ3 ስሪት 1 ነው። ፋይሉ መጨረሻ ላይ 128 ባይት ብቻ ይይዛል፤ ለርእስ 30፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30 ባይት ተመድቦለታል። የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር በተሰጣቸው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በዚያን ጊዜ ሊታሰብም አይችልም ነበር። ዛሬ በግድ እንኳ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድን ቁጥር በባይት መጻፊያ ከሆኑት መንገዶች አንዱ ነው፤ ሌላው ዩቲኤፍ-16 ነው) ቢጻፍበት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ከ10 ፊደል በኋላ ርእሱ ይቆረጣል። ማጫወቻውም ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው አይዲ3 ስሪት 2 ነው። ብዙውን ጊዜ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ርዝመቱም በ30 ባይት አልተገደበም። አሁን በሥራ ላይ ያሉት 2.3 እና 2.4 ናቸው። 2.3 አማርኛን በዩቲኤፍ-16 ይጽፋል፤ 2.4 ደግሞ ዩቲኤፍ-8ንም ይፈቅዳል። 2.4ን በትክክል የማያነቡ የቆዩ ማጫወቻዎች ስላሉ እኔ የምመክረው 2.3ን ከዩቲኤፍ-16 ጋር ነው። ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፤ ታጉ ከመሠረቱ በዩቲኤፍ-8 እንዲጻፍ የተደነገገ ስለሆነ አማርኛ አይበላሽበትም።

1. መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ የሽፋን ፎቶ

ከካሴት ሲገለብጡ ዋናውን በፍላክ ያስቀምጡ፤ ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከእሱ ያውጡ። ፍላኩ ላይ ታግ ከተሞላ በኋላ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ታጉን ይዘው ይሻገራሉ፤ ሥራው አንዴ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ያለዎት ኤምፒ3 ብቻ ከሆነም ችግር የለም። በሁለቱም ቢሆን ታግ መንካት ከመጀመርዎ በፊት ሙሉ ፎልደሩን ሌላ ቦታ ይቅዱ። በአንድ ጠቅታ የ200 ዘፈን ርእስ አንድ ዓይነት ማድረግ እጅግ ቀላል ነው።

ቀጥሎ የካሴቱን ሽፋን ከፕላስቲክ ማቀፊያው አውጥተው ይዘርጉት፤ ፊቱንም፣ የታጠፈውን የውስጥ ገጽም፣ ካሴቱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀትም በቀን ብርሃን ያለ ፍላሽ ፎቶ ያንሱ። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር አብዛኛውን ጊዜ የተጻፉት በዚያ በታጠፈው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው፤ ሰው የሚጥለውም እሱን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውና ካሴቱ ላይ የተለጠፈው የዘፈን ቅደም ተከተል አንዳንዴ አይገጥምም። ያኔ ዳኛው ጆሮ ነው፤ ዘፈኑን አዳምጠው ይለዩ።

2. ፕሮግራሙን ማዘጋጀት

ዊንዶውስ ላይ ኤምፒ3ታግ በነፃ ይገኛል፤ ከዚህ በታች ያለው አሠራር የእሱ ነው። ሊኑክስ ወይም ማክ የሚጠቀም ሰው ኪድ3 የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ይጫን፤ የቁልፎቹ ቦታ ቢለይም ሐሳቡ አንድ ነው።

ከሁሉ በፊት ቱልስ ከሚለው ሜኑ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተው ታግስ፣ ከዚያ ኤምፔግ የሚለውን ይክፈቱ። ራይት በሚለው ሥር አይዲ3 ስሪት 2ን ይምረጡና ዩቲኤፍ-16 ያለበትን 2.3 ያድርጉ። የስሪት 1ን ምልክት ከራይት ላይ አንስተው ሪሙቭ በሚለው ሥር የስሪት 1ን ብቻ ምልክት ያኑሩ፤ ምልክቱ ብቻውን ስለማያጠፋ ፋይሎቹን መርጠው «ሪሙቭ ታግ» የሚለውን ይጫኑ። ይህ ካልተደረገ ርእሱ በስልክ በትክክል እየታየ፣ አሮጌውን ታግ የሚያነብ የመኪና ቴፕ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

በትእዛዝ መስመር መሥራት የለመደ ሰው የኪድ3ን የትእዛዝ መስመር ስሪት ሊጠቀም ይችላል። የድምፅና የቪዲዮ መቀየሪያ በሆነው ኤፍኤፍኤምፔግ የሚሠራ ከሆነ ሁለት ነገር ያስታውስ። ድምፁን «ኮፒ» እንዲያደርግ ካልታዘዘ ኤምፒ3ውን እንደገና ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። ደግሞም ካልተነገረው በቀር የሚጽፈው 2.4ን ነው። ኤክሲፍቱል የተባለው ፕሮግራም የኤምፒ3 ታግ አንብቦ ያሳያል እንጂ አይጽፍም።

3. የስም ዝርዝር ይያዙ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ኋላ ግን ከሁሉ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ለኮምፒውተር «ጥላሁን ገሠሠ» እና «ጥላሁን ገሰሰ» ሁለት የተለያዩ ዘፋኞች ናቸው። «ማሕሙድ»፣ «ማህሙድ» እና «መሐሙድ» ደግሞ ሦስት። ስልኩ እያንዳንዱን ለየብቻ ይደረድራቸዋል፤ አንዱን ጽፈው ሲፈልጉ የሌላው ዘፈኖች አይመጡም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ በተለያየ ቦታ ስለተቀመጡ በፊደል ተራ ሲደረደሩም ይለያያሉ።

ስለዚህ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ይክፈቱና ለእያንዳንዱ ዘፋኝ፣ ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲና አቀናባሪ አንድ አጻጻፍ ይወስኑ። ባለሙያው ራሱ ስሙን የሚጽፍበት መንገድ ከታወቀ እሱን ይያዙ፤ ካልታወቀ የመጀመሪያው ካሴት ሽፋን ላይ ያለውን። ከዚያ በኋላ ስም አይጻፍም፤ ከዝርዝሩ ኮፒ ተደርጎ ይለጠፋል።

ሌሎች ጥቂት ነገሮችም በዚሁ ይወሰኑ። «አርቲስት»፣ «ድምፃዊ»፣ «ዶ/ር» የመሳሰለው መጠሪያ ከስሙ ፊት አይግባ፤ ከገባ ግማሹ ስብስብ በ«አ» ሥር ይከማቻል። ስሙን ገልብጠው የአባትን ስም የሚያስቀድሙ የውጭ መረጃ ቋቶች አሉ፤ አይከተሏቸው፤ ዘፋኙ የሚጠራው በራሱ ስም ነው። በድሮ ሽፋኖች ላይ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ካለ ወደ ባዶ ቦታ ይለውጡት፤ ያለዚያ ፍለጋ አያገኘውም።

በአማርኛ ወይስ በላቲን ይጻፍ የሚለው ክርክር ለእኔ ያለቀ ነው፤ ዋናው በአማርኛ ይሁን። በላቲን ሲጻፍ አንድ ስም በየሰዉ እጅ አራትና አምስት ዓይነት ይሆናል፤ የ«ተ» እና የ«ጠ» ዓይነት ልዩነትም ይጠፋል። ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች እንዲያነቡት ከተፈለገ አርቲስት ሶርት የሚባለው መስክ አለ፤ የላቲኑ አጻጻፍ እዚያ ይግባ። ታግ ማሳያው አማርኛውን ይይዛል፣ ይህን መስክ የሚያነብ ማጫወቻ ደግሞ ለአደራደር ላቲኑን ይጠቀማል።

4. ዓመቱን መቁጠር

ሽፋኑ ላይ 1985 ዓ.ም. ይላል እንበል። የዓመት መስክ አራት አኃዝ ብቻ ስለሚቀበል፣ ማጫወቻዎችም እንደ ጎርጎርዮሳዊ ስለሚቆጥሩት፣ እዚያ የሚገባው የእነሱ ዓመት ነው፤ የእኛው ኮሜንት በሚለው መስክ «1985 ዓ.ም.» ተብሎ ሳይቀየር ይጻፍ። ሁለቱ በአንድ ስብስብ ውስጥ ከተደባለቁ የ1960ዎቹ የሸክላ ዘፈን ከየትኛው 1960ዎቹ እንደሆነ የሚለይ አይኖርም።

ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ካሴቱ ለእንቁጣጣሽ ከወጣ 1985 ሲደመር 7፣ 1992 ይሆናል። ለፋሲካ ከወጣ 1993 ነው። ወሩ ካልታወቀ 8 ይደምሩ፤ ከዓመቱ ስምንት ወር የሚበልጠው በዚያ በኩል ስለሚወድቅ የመሳሳት ዕድሉ ያንሳል። እንዲህ በግምት የገባ ዓመት ከሆነም ኮሜንቱ ላይ «ወሩ አልተጻፈም» ይበሉ።

መጀመሪያ በሸክላ ወጥቶ ኋላ በካሴት የታተመ ሥራ ከሆነ ዓመቱ የመጀመሪያው እትም ይሁን፤ የተገለበጠው ከየትኛው እትም እንደሆነ ኮሜንት ላይ ይጻፍ። ያ የመጀመሪያ ዓመት በእርግጠኝነት ካልታወቀ ግን እጅዎ ላይ ባለው ካሴት የታተመውን ብቻ ያስገቡ።

5. ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስገባት

ዘፈን በዘፈን እየከፈቱ መጻፍ አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ ሥራ ደግሞ ይቋረጣል። መላው አልበም የሚጋራውን በአንድ ጊዜ ይሙሉ፦ ፋይሎቹን በሙሉ ይምረጡ፤ በግራ በኩል ባሉት ሳጥኖች አልበም፣ ዘፋኝ፣ ዓመት ይጻፉና ኮንትሮልና ኤስን ተጭነው ያስቀምጡ። የሚለያየው መስክ ላይ «ኪፕ» የሚል ቃል ይታያል፤ «እንዳለ ይቆይ» ማለት ስለሆነ አይንኩት። የሚያጠፋው እሱን ሰርዞ ሌላ መጻፍ ነው።

የየዘፈኑን ዝርዝር በኖትፓድ ያዘጋጁ። ለአንድ ዘፈን አንድ መስመር፣ በየመካከሉ ቀጥ ያለ ሰረዝ፦

1|የዘፈኑ ርእስ|ዜማ ደራሲ|ገጣሚ|አቀናባሪ
2|የዘፈኑ ርእስ|ዜማ ደራሲ|ገጣሚ|አቀናባሪ

ነጠላ ሰረዝ ለመለያነት አይጠቀሙ፤ ርእስ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ አማርኛ መጻፍ ካስቸገረ የዊንዶውስን የአማርኛ ኪቦርድ ከቋንቋ ማስተካከያው ይጨምሩ፤ ወይም ዝርዝሩን በስልክ ጽፈው በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩ። ብዙ ሰው በስልክ ይፈጥናል። ፋይሉን ሲያስቀምጡ ኢንኮዲንግ በሚለው «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» ይምረጡ።

ወደ ኤምፒ3ታግ ተመልሰው ፋይሎቹ በካሴቱ ቅደም ተከተል መደርደራቸውን ያረጋግጡ፤ የመጀመሪያው መስመር ወደ መጀመሪያው ፋይል፣ ሁለተኛው ወደ ሁለተኛው ነው የሚገባው። ሁሉንም መርጠው ኮንቨርት ከሚለው ሜኑ «ቴክስት ፋይል - ታግ» የሚለውን ይክፈቱ። የቅርጽ ሳጥኑ ውስጥ በዚያው ተራ %ትራክ%|%ታይትል%|%ኮምፖዘር%|%ሊሪሲስት%|%አሬንጀር% ያስገቡ፤ በፐርሰንት ምልክቶቹ መካከል ያሉት ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ አለባቸው። ፕሪቪው ሲጫኑ የመጀመሪያው ዘፈን ምን እንደሚሆን ያሳያል። አማርኛው እዚያ በትክክል ከታየ ኦኬ ይበሉ።

የትራክ ቁጥር ላይ አንድ ሐሳብ፦ ጎን «ሀ» እና ጎን «ለ» እንደገና ከ1 አይጀምሩ። ጎን «ሀ» በ5 ካለቀ ጎን «ለ» በ6 ይቀጥል፤ ያለዚያ ስልኩ ሁለቱን ጎኖች አንድ በአንድ እያፈራረቀ ይጫወታቸዋል። ጎኑ ኮሜንት ላይ ሊጠቀስ ይችላል።

6. ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ባንድ

ዜማ ደራሲ ኮምፖዘር በሚለው፣ ገጣሚ ሊሪሲስት በሚለው፣ አቀናባሪ አሬንጀር በሚለው መስክ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ሁለት በግራው ሳጥን ላይ አይታዩም፤ ዘፈኑን መርጠው አልትና ቲን ሲጫኑ ሁሉም መስክ ይዘረዘራል፣ እዚያም አዲስ መጨመር ይቻላል።

ሽፋኑ «ግጥምና ዜማ የሕዝብ» ካለ «የሕዝብ» ብለው ይጻፉ እንጂ ባዶ አይተዉት። ባዶ መስክ «ማን እንደሆነ አላገኘንም» ማለት ነው፤ «የሕዝብ» ግን ራሱን የቻለ መረጃ ነው። ሽፋኑ ምንም ካላለ ደግሞ ባዶ ይሁን። የሚመስልዎትን ስም አያስገቡ፤ ግምት ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ ከሐቅ የሚለይበት ምልክት የለውም፤ በየስልኩ ከተሰራጨም አይመለስም።

የባንዱ ነገር ትንሽ ያወሳስባል። በአይዲ3 ደንብ መሠረት ለአጃቢ ባንድ ወይም ኦርኬስትራ የተመደበ መስክ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ፕሮግራሞች ግን ያንኑ መስክ «አልበም አርቲስት» ብለው አልበም መሰብሰቢያ አደረጉት። ስለዚህ ሮሃ ባንድ ያጀበውን ካሴት በዚያ መስክ ሮሃ ባንድ ብለው ቢጽፉ አልበሙ ከዘፋኙ ስም ሥር ወጥቶ በባንዱ ሥር ሊገኝ ይችላል። ሮሃ ደግሞ ያጀባቸው ዘፋኞች ብዙ ናቸው። አልበም አርቲስት ውስጥ ዘፋኙን ያስገቡ፤ ባንዱንና የተጫዋቾቹን ስም ኮሜንት ላይ «አጃቢ፦» ብለው ይዘርዝሩ። ዘፋኞች የተቀላቀሉበት ካሴት ከሆነ አልበም አርቲስቱ በሁሉም ዘፈን ላይ «የተለያዩ ድምፃውያን» ይሁን፤ ይህ ካልሆነ አንዱ ካሴት በዘፋኞቹ ቁጥር ተሰነጣጥቆ ይታያል።

የሙዚቃው ዓይነት ላይ ብዙ አይጨነቁ። አሮጌው ታግ ከ80 የተቆጠሩ ዓይነቶች አንዱን ብቻ ያስመርጥ ነበር፤ አሁን የፈለጉትን መጻፍ ይቻላል። ዘመናዊ፣ ባህላዊ፣ መዝሙር፣ መንዙማ፣ ኢትዮ ጃዝ የሚሉ ጥቂት ስሞች ይበቃሉ። ቅኝት የሚለይ ጆሮ ያለው ሰው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ መሆኑን ኮሜንት ላይ ቢያክልበት ትልቅ ውለታ ነው።

ሽፋኑን ለማስገባት የፊቱን ገጽ ብቻ ቆርጠው በጄፔግ ያስቀምጡ፤ ረጅሙ ጎኑ 1000 ፒክስል ገደማ ቢሆን ይበቃል። ምስሉ በየዘፈኑ ውስጥ ስለሚገባ 5 ሜጋባይት የሆነ የስልክ ፎቶ በ10 ዘፈን ላይ 50 ሜጋባይት ይጨምራል። የውስጥ ገጹ ፎቶ ዘፈኖቹ ባሉበት ፎልደር ለብቻው ይቀመጥ።

7. ቀድሞ የተበላሸ ታግ ሲገጥም

መጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ፤ መድኃኒቱ ይለያያል። በፊደሉ ምትክ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ ታጉ ጤነኛ ነው፤ መሣሪያው የአማርኛ ፎንት የለውም ማለት ነው፤ ምንም አይንኩ። ከላይዋ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» (á) በየሁለት ምልክቱ እየተመላለሰች ከታየች በዩቲኤፍ-8 የተጻፈ አማርኛ እንደ ላቲን እየተነበበ ነው፤ የእኛ ፊደላት በሙሉ በዩቲኤፍ-8 በዚያ ባይት ስለሚጀምሩ ምልክቷ አታሳስትም። ይህ ኢንኮዲንጉን በማስተካከል ይድናል፤ ጥቂት ዘፈን ከሆነ ግን እንደገና መጻፉ ይፈጥናል። የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ከተደረደሩ ፊደሉ በሚጻፍበት ጊዜ ጠፍቷል። ከውስጡ የሚወጣ ነገር የለም፤ አሮጌው ታግ ጠፍቶ ከሽፋኑ እንደ አዲስ ይጻፋል።

ከኢንተርኔት የወረዱ ፋይሎች ላይ ደግሞ ርእሱ ውስጥ የድረ ገጽ አድራሻ፣ «አዲስ ክሊፕ»፣ «ኦፊሻል ቪዲዮ» የሚሉ ቃላት ተሰክተው ይገኛሉ። አክሽንስ ከሚለው ሜኑ ሪፕሌስ የሚለውን አዘጋጅተው ቃሉን በባዶ ይተኩ፤ በሺሕ የሚቆጠር ፋይል በአንዴ ይጸዳል።

8. ስም መቀየር፣ ማረጋገጥ፣ ለመኪና ማዘጋጀት

ታጉ ሲሞላ የፋይሉን ስም ከእሱ ማውጣት ይቻላል፦ አልትና 1ን ተጭነው ትራክና ታይትል የሚሉትን በሰረዝ አያይዘው ያስገቡ። ከዚያ በፊት በኮንትሮልና ኬ ቁጥሮቹን 01፣ 02 ያድርጓቸው፤ ያለዚያ 10ኛው ዘፈን ከ2ኛው ይቀድማል።

ለማረጋገጥ በዚያው ፕሮግራም ማየት አይበቃም። አንድ ዘፈን ወደ ስልክ ይቅዱ፣ አንድ ደግሞ በቴሌግራም ለራስዎ ይላኩ፤ ርእሱና ዘፋኙ በአማርኛ ከታዩ ተሳክቷል። ስልኩ አሮጌውን ታግ ካሳየ ቀድሞ ያነበበውን ይዞ ስለሆነ ፋይሉን አጥፍተው እንደገና ይቅዱ። ለሌላ ሰው ሲልኩ ሁልጊዜ ፋይሉን ራሱን ይላኩ፤ ዘፈኑን እያጫወቱ የድምፅ መልእክት አድርገው ከቀዱት ታጉ በሙሉ ይቀራል።

አማርኛ የማያሳይ የመኪና ቴፕ ካለዎት ዋናውን ስብስብ ለእሱ ብለው ወደ ላቲን አይቀይሩ። ለፍላሹ ሌላ ቅጂ ያዘጋጁና የፋይል ስሙንና ታጉን እዚያ ቅጂ ላይ ብቻ በላቲን ያድርጉ። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው በዚያም ቅጂ ላይ ይኑሩ፤ ፍላሽ ከመኪና ወደ መኪና ይዋዋሳል።